ጎማዋን ታጥባ አውድማ የገባች መኪና

ንጋት፣ ደሴ

ከደሴ ወደ አባታችን አገር መካነ ሰላም የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ትነዳለች፤ እኔ አጠገቧ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። አሮጌዋን ፒክአፕ የገዛቻት ከዓረብ አገር እንደተመለሰች ነው። ሐሳቧ ከመካነ ሰላም ወግዲ ሰውና እህል ማመላለስ ነበር። መኪናዋ ግን ወደ ግራ ትስባለች፤ የግራ ጎማዋም ከውስጥ በኩል ብቻ ተበልቶ ያልቃል። ትርንጎ ቁርጡን ነግራኛለች፤ ካልቀናች ሸጣት ተመልሳ ትሄዳለች። መጀመሪያ ስትሄድ ስሸኛት እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ። ሁለተኛ የምሸኝበት አንጀት የለኝም።

ረፋድ፣ ጉጉፍቱና አቀስታ

ጉጉፍቱ ላይ ጉም መንገዱን ዋጠው። በግ፣ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ ብቅ ይሉና መልሰው ይጠፋሉ። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እኔም አላውቅም። ትርንጎ መሪውን ወደ ቀኝ ይዛ ትታገላለች፤ እኔ ደግሞ መኪናዋ በግራ በኩል የምታሳየን አገር ያላት ይመስለኛል። ይህንኑ ብነግራት የምታሳየን ገደል ነው አለችኝ። አቀስታ ቆመን ሽሮ በላን። ሽሮው እየፈላ ነው የቀረበው፤ እሷ ግን ብዙም አልቀመሰችም።

ከሰዓት፣ መካነ ሰላም

አባታችን ግቢ ሥራ ተጀመረ። ትርንጎ ከስልኳ ላይ ባየችው ዘዴ መኪናዋን በክሪክ አነሳች፤ ያለቀውን የባሌስትራ ላስቲክ፣ ጎሚኒውን፣ ለወጠች፤ ግራሶ ቀባች። ከዚያ ከጎማዎቹ ጎን ሲባጎ ወጠርን፤ ከግንበኛ የተዋስነውን ቱንቢ አንጠለጠልን፤ በሜትር ለካን። የጎማዎቹን ማቅኛ ብሎን አጠበቀች፣ አላላች። ነድታ ብትሞክራት አሁንም ግራ። ደግመን ለካን፤ ያው ግራ። ትርንጎ መፍቻውን አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ከአጥሩ ማዶ ሲያዩን ቆይተው ገቡ። ግቢውን ጎንበስ ብለው አዩና ውሃ አስመጥተው መሬቱ ላይ አፈሰሱ። ውሃው ሳያመነታ ወደ ጓሮ ወረደ። ለካ ኳስ ስንራገጥበት ያደግንበት ሜዳችን ዘቅዛቃ ኖሯል። ደገኛ ዳገት ያልሆነውን ሁሉ ሜዳ ይለዋል። መኪናዋ ተንጋዳ ቆማ እኛ በቱንቢ ልናቀናት እንደክማለን።

በዚህ ሰፈር ለጥ ያለ መሬት የእሳቸው አውድማ ብቻ መሆኑን ነገሩን። ትርንጎ አቀረቀረች። አውድማ የእህል በረከት የሚወርድበት ነው፤ በጫማ እንኳ አይረገጥም፤ መኪና ላስገባ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጋሽ ሰይድ ትንሽ አሰቡ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ። «እናንተ ጫማችሁን አውልቁ፤ የሷንም እግር እጠቡላት።»

አራቱንም ጎማ በውሃ አጠብን። ትርንጎ በባዶ እግሯ ፍሬን ረግጣ ቀስ ብላ አስገባቻት። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኔም አማተብኩ። በእበት የተለቀለቀው መሬት እግር ያቀዘቅዛል፤ የቀረው ገለባ በአመሻሽ ፀሐይ ይብለጨለጫል። ሲባጎው እንደገና ተወጠረ። በዝግታ ለካን፤ ትርንጎ ብሎኑን አስተካክላ አጠበቀች፤ ያቺ ሰዓት ባታልፍ ብዬ ተመኘሁ።

ማግስቱ፣ ወግዲ

ሰውና ጆንያ ሞልተን ጠዋት ወጣን። ከከተማው እንደራቅን መንገዱ ጭር ሲል ትርንጎ እጇን ከመሪው ላይ ለአፍታ አነሳች። ፒክአፗ ቀጥ ብላ ሄደች። እጇን መለሰች፤ እኔም ትቀሪያለሽ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ሜዳውና ሰማዩ ተያይዘው ወግዲ ድረስ አብረውን መጡ።

ተሳፋሪው ሲወርድ አንዲት እናት ወደ ትርንጎ ተጠግተው፣

«ልጄ፣ ለገበያውስ ትመጫለሽ?» አሏት።

«እመጣለሁ እማማ። ከእንግዲህ የትም አልሄድም።»

ለእኔ ያልነገረችኝን ለማታውቃቸው እናት ነገረቻቸው። እንባዬን እንዳታይብኝ ጆንያቸውን ተሸክሜ ቤታቸው ድረስ አደረስኩላቸው።