ቦታ ያጣ ካቶሊክ ከዲላ እስከ ወርቃ

ዓርብ ንጋት፣ ዲላ

የዲላ መናኸሪያ ከከተማው ቀድሞ ይነቃል። የሌሊቱ ዝናብ ያቦካው ጭቃ ገና ነው፤ ረዳቶቹ ባዶ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥለው «ገደብ የሞላ! የሞላ!» ይላሉ። ጋቢና ገባሁ። ፊት ለፊቴ የማርያም ሥዕል፣ የኋላው መስታወት ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው»፣ ከመስታወቱ ሥር የተንጠለጠለ የሙስሊም መቁጠሪያ። ሾፌሩን የየትኛው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ትራፊኩ የየትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አለኝ።

እስከ ዛሬ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ግልጹ ይህ ነው።

እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ወይም ነበርኩ። በእኛ አገር ካቶሊክ መሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ኦርቶዶክሱ ከጴንጤ ይደምርሃል፣ ጴንጤው ከኦርቶዶክስ። አንዱ ጾማችሁ የታለ ይልሃል፣ ሌላው ሥዕላችሁ በዛ ይልሃል። ይህንን ችዬ ኖሬአለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ታመመና የዘጠኝ ቀን ጸሎት ያዝንለት። ጸሎቱ አለቀ፤ እሱም አለቀ። አባ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለውኝ ወደ ሌላ ለቅሶ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ የምሄደው ቀበሌ ስብሰባ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀረ እንዳልባል ብቻ ነው።

ታደሰ ሲሞት ሚስቱ ዓለሚቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጁ ከነገ ወዲያ እሁድ በትውልድ መንደራችን በወርቃ ክርስትና ይነሳል፤ የክርስትና አባቱም እኔ ነኝ። በሰው ሁሉ ፊት ስለ ሕፃኑ ሆኜ «አምናለሁ» ማለት አለብኝ። የሞተ ወንድሜን ልጅ ታቅፌ መዋሸት አቃተኝ። እናም ቀደም ብዬ ተነሳሁ። እግረ መንገዴን ሌላ የእምነት ቤት ካገኘሁ ለዓለሚቱ ቁርጡን እነግራታለሁ፣ እሷም ሌላ ሰው ትፈልጋለች።

ዓርብ ቀትር፣ ይርጋ ጨፌ

እዚህ ጋሽ ጌታቸው አሉ፤ አባታቸው ከሸዋ መጥተው የከፈቱትን የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ የሚያስተዳድሩ፣ ቤቴን ስሠራ የተዋወቅኳቸው ሰው። ሌላ የእምነት ቤት እየፈለግሁ መሆኔን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ሱቁን ለልጃቸው ትተው ምሳ ጋበዙኝ። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ በያይነቱ ነው። ቀይ ሥሩን እየጠቀለሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ አቀረቡ።

«ለመሆኑ ስትሞት የት ልትቀበር ነው ያሰብከው?»

አላሰብኩበትም ነበር። እሳቸው አስበውበታል። ፍትሐቱ፣ ዕድሩ፣ ድንኳኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ደህና ቦታ፣ ሁሉም ተዘረዘረልኝ። ግን መጀመሪያ መጠመቅ አለብኝ። በሕፃንነቴ ተጠምቄአለሁ፣ ያ ምን ሊሆን ነው አልኳቸው። «እሱማ ውሃ ነው» አሉኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ሳልጨርስ ሌላ እንጀራ አስጨመሩልኝ፣ መኪና እስክገባም ሸኙኝ። ቢሆንም ምሳው እስኪያልቅ ስለ አሟሟቴ እንጂ ስለ አኗኗሬ የጠየቁኝ ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ ፍስሐ ገነት

ትናንት ከይርጋ ጨፌ ስነሳ አጠገቤ የተቀመጠችው ወይዘሮ አስቴር የዚህ ከተማ ልብስ ሰፊ ናት። ፊቴን አይታ ሰላም እንደሌለኝ አወቀችና የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናቸው የቅዳሜ ፕሮግራም ላይ ጋበዘችኝ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ግን ለስታዲየም የተገዛ ይመስላል።

ከመዝሙሩ በኋላ እንግዶች እንድንቆም ተባለ። ቆምን፤ ተጨበጨበልን። ልቀመጥ ዞር ብል አግዳሚው ሞልቷል። ከዳር ቆመው የነበሩ ሁለት እናቶች ጠጋ ጠጋ አስብለው ቦታዬን ወርሰውታል። እናቶችን አስነስቼ ልቀመጥ? አፈርኩና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ሌሎቹ እንግዶች ተቀምጠዋል። ሰባኪው በዚያው ትንፋሽ «ዛሬ ጌታን ልቀበል የምትሉ ቁሙ!» አለ። በአዳራሹ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እልልታው ቀለጠ። ወይዘሮ አስቴር አለቀሰች። ቦታ አጥቼ ነው ማለት ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ ድምፅ ማጉያ ጋር ማን ይከራከራል? ወደ ፊት ወሰዱኝ፣ በስልክ ቀረጹኝ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው፣ «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አሉኝ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና እንባዬ መጣ። ያ እውነተኛ እንባ ነበር። ቪዲዮው ላይ ግን ንስሐ ይመስላል።

እሁድ፣ ወርቃ

ከገደብ ወርቃ በሞተር ነው። ባለሞተሩ በጭቃው አሳቦ ዋጋውን እጥፍ አደረገው፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ ወርጄ እንድገፋ አደረገኝ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናው ቀልቷል፤ እንሰቱ ቤቶቹን ሸፍኗቸዋል።

ቪዲዮው ቀድሞኝ ደርሷል። የሰበካው ካቴኪስት አቶ ጅግሶ፣ የኛን ሰፈር ሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቁኝ። መዳኔን ሰምተዋል፤ እንኳን ደስ አለህ አሉኝና ሌላ የክርስትና አባት መፈለጋቸውን ነገሩኝ።

ይህ የምፈልገው ነገር አልነበረም? በነፃ ተለቀቅሁ እኮ። እኔ ግን ተቆጣሁ። ካቶሊክነቴን ማን ሰረዘው፣ አያቴ የዚህን ቤት ድንጋይ ተሸክመዋል እያልኩ ቱግ አልኩ። ጴጥሮስ እንኳ ዶሮ እስኪጮህ ነው የተጠበቀው፤ እኔን አንድ ቪዲዮ አስወገደኝ።

ዓለሚቱ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች። በጥቁር ልብሷ ውስጥ ከስታለች። ወደ ዳር ወሰደችኝና ከልቤ ቆሜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቦታዬን ስለያዙብኝ ነው አልኳት። በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፤ ከታደሰ ወዲህ ማመኔን እንጃ አልኳት።

«ወንድምህ ቅዳሴ ላይ ሁልጊዜ ይተኛል ነበር» አለች። «እሁድ ግን አይቀርም። አንተም ተኛ። ብቻ ለዚህ ልጅ ስትል አትቅር።»

ከዚያ ለአቶ ጅግሶ በጌዴኦኛ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ተናገረቻቸው። ረጅም አልነበረም። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩን ለቀቁልን።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል፤ ሰው መስኮት ላይ ሁሉ አለ። ከወንዶቹ አግዳሚ አንዱ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ለመተኛት በሚመቸው ዳር፣ የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ነው። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አባ ጠየቁ። ሕፃኑ ክንዴ ላይ ይራገጣል፣ ዓለሚቱ ታየኛለች። «አምናለሁ» አልኩ። እውነት ይሁን ውሸት ዛሬም አላውቅም፤ አትቅር ለተባልኩት ግን መልስ ነበር።

ውሃው ሲነካው ልጁ አገሩን በጩኸት አናወጠው። ታቅፌው ስመለስ ከቆሙት ሰዎች ማንም ጠጋ ብሎ ያንን ቦታ አልያዘውም። ሄድኩና ተቀመጥኩ።