ባሌ ባቄላዬን ለማን ይወስዳል?

ወላሂ ሳቄ ሳያልቅ ልንገራችሁ። የዘፈዘፍኩት ባቄላ በየጠዋቱ ይጎድልብኛል። አንድ ቀን ባሌ ሰይድ ጋቢው ስር ሳህን ሸሽጎ ሲወጣ አየሁታ! «በላዬ ላይ አግብቶ እሷን እየቀለበ ነው!» አልኩና ተከተልኩት። ከሚሴ ዳር ካለ አንድ ግቢ ገባ። ጆሮዬን አጥሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ብዪ የኔ ሸጋ፣ ጉልበት ይሆንሻል» ይላል!

በሩን በርግጄ «የታለች?» ስል፣ ሽጣት ብዬ ስጨቀጭቀው «ሰንበቴ ገበያ ወስጄ ሸጥኳት» ያለኝ ባዝራችን ከእጁ ላይ ባቄላዬን ትቆረጥማለች!

«የከብት ሐኪሙ ‹ለግልቢያ ፈረስ ገብስ ብቻ አይበቃም፣ ፕሮቲን ያስፈልጋታል› ብሎኝ ነው። የኢድ ግልቢያ ደረሰ እኮ» አለ እየተርበተበተ።

«ያ አላህ! እኔን በሃያ ዓመት ትዳር አንዴ እንኳ አጉርሰኸኝ ታውቃለህ?»

አፈረ መሰለኝ፣ ከባዝራይቱ ሳህን ዘግኖ አጎረሰኝ። እኔም ጎረስኩ!