ወደ ጣሪያ የዞረው ስፖኪዮ

የአውቶቡስ ሾፌሩን ጓደኞቹ «ጥሩምባ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ክላክስ ስለሚያበዛ ነው፤ ሚስቱ ግን ስሙ የሚገባው ሲተኛ ነው ትላለች። ይህን ሁሉ ዘመን መሪ ሲጨብጥ ዶሮ እንኳ አልገጨም።

ችግሩ ማዛጋት ነበር። በጠራራ ፀሐይ መንጋጋው እስኪላቀቅ ያዛጋል። ጥፋቱን ግን በተሳፋሪው አላከከ። ማዛጋት ይጋባ የለ? ከኋላ አንዱ አፉን ሲከፍት በውስጥ ስፖኪዮው ያያል፣ እሱም ይከተላል። ስለዚህ አንድ ቀን ስፖኪዮውን ወደ ጣሪያ አዞረና ተገላገልኩ አለ። ሾፌር መቼም ሰበብ አያጣም። ማዛጋቱ ግን አልተወውም። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለውምና መንጃ ፈቃዱን እንዳይነጥቁት ይፈራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ በእሱ አውቶቡስ ተሳፈረች። በስፖኪዮው ልትጠቅሰው ቀና ብትል የጣሪያውን መብራት አየች። የትራፊክ መብራት ላይ ቆሙ። አረንጓዴው በራ፤ አውቶቡሱ ንቅንቅ አላለም። ከኋላ ያሉት መኪኖች ክላክሱን አቀለጡት። ሚስት ብድግ ብላ ትከሻውን ነካችው።

«ተኝተሃል እኮ።»

«ተኝቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«አድርጎልህ ነበር፣ አሁን አየሁት። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«መንጃ ፈቃዴን ቢወስዱብኝስ?»

«ይውሰዱት። እኔ የምፈልገው አንተን ነው።»

ሐኪሟ ዘንድም ያወራችው ሚስቱ ናት። «ሲያንኮራፋ ድንገት ጸጥ ይላል። በክርኔ ስጎሽመው ይተነፍሳል» አለች። ጥሩምባ ስለዚያ ክርን ስንቴ ተነጫንጮ ነበር።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ሐኪሟ እንዲህ አለችው፦ «ሲተኙ ጉሮሮዎ እየተዘጋ ትንፋሽዎ ይቋረጣል፤ አንጎልዎም ደንግጦ ይቀሰቅስዎታል። ተኛሁ ይላሉ እንጂ አልተኙም። ማዛጋት ለምን እንደሆነ ተመራማሪዎቹም ገና አልተስማሙም። አንዳንዶቹ የጋለ አንጎል ያበርዳል ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ስንሆን ሰውነት ራሱን የሚያነቃበት ነው ይላሉ። ይጋባል፣ እውነት ነው። የእርስዎ ግን ከተሳፋሪ የመጣ አይደለም።»

ለጊዜው ከመሪው ወረደ። ማታ ማታ አየር የሚነፋ ጭንብል አድርጎ መተኛት ጀመረ። ቀን ቀን ማዛጋቱ ለቀቀው፤ ሐኪሟም መንዳት ይችላል ብላ ፈቀደች።

ወደ ሥራ በሚመለስበት ጠዋት ቀድሞ የነቃው እሱ ነው። ዘወትር ቀድማው የምትነሳው ሚስቱ ጭልጥ ብላ ተኝታለች፤ ያ ክርኗም ትራሷ ላይ አርፏል። ለካ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እሷም አልተኛችም። እንዳትነቃ ጭንብሉን ቀስ ብሎ አወለቀ።

ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አዛጋች። እሱም ተከትሎ አዛጋ።

«አሁንም አለቀቀህም?» አለች ደንግጣ።

«ይሄኛው ያንቺ ነው፣ ተጋብቶብኝ ነው» አላት ብርድ ልብሱን እየሳበላት። «አንቺ ተኚ። ከእንግዲህ እኔ ራሴ እተነፍሳለሁ።»