አጃውን ያመረርኩት እኔ ነኝ

ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። በጸሎት ቤታችን ቆሜ ስለ ሌላው ኃጢአቴ መስክሬያለሁ፣ አልቅሻለሁም፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ለባሌም አልነገርኩትም። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ይሆናል የቀለለኝ።

ሶዶ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ታናሽ እህቴ አስቴር እዚሁ ሶዶ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናታችን ልታርሳት ከገሱባ መጣች። ሁለት ወር እቀመጣለሁ አለች። እኔ ስወልድ የተቀመጠችው አራት ቀን ነበር። ያኔ ቦሎቄው ደርሷል ብላ ተመለሰች። ለአስቴር ሲሆን እርሻው የት ሄደ? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ በሆዴ አመላለስኩት።

እናቴ ለአራስ የምትሠራው የአጃ አጥሚት ነው። አጃውን ከገበያ የገዛችው ራሷ ናት፤ እፍኝ ዘግና አሽትታ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ። አበጠረችው፣ አጠበችው፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ በለስላሳ እሳት ቆላችው። ከወፍጮ ሲመለስም እስኪቀዘቅዝ ሳትከድነው ጠበቀች። የአጃ ዱቄት ቶሎ ይመራል፣ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል ትላለች። የአስቴር ቤት እርጥበት ስላለው ጣሳውን እኔ ዘንድ አስቀመጠችው። «ካማረሽ አንቺም ጠጪ» አለችኝ። ካማረሽ። ለእኔ የደረሰኝ ይኸው ነበር።

ቤቴ ከምድጃው በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ልጥለው እያልኩ የተውኩት ዓመት ያለፈው የአጃ ዱቄት ነበር። ስከፍተው የቆየ ዘይት ሸተተኝ። ቀመስኩት፤ መራራ ነው። የእናቴን ዱቄት በሌላ ዕቃ ገለበጥኩና አሮጌውን በእሷ ጣሳ ሞላሁት። ሽታውን ለመደበቅ ከአዲሱ ትንሽ ቀላቀልኩበት። ሽታው ተሸፈነ፤ ምሬቱ ቀረ። እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ በእጄ፣ እያወቅሁ።

በማግስቱ ጣሳውን ወስጄ ለእናቴ ሰጠኋትና ስታማስል አጠገቧ ቆምኩ። አስቴር አንዴ ተጎንጭታ ፊቷን አጨማደደች።

«እማ፣ መረረኝ» አለች።

እናቴ ብርጭቆውን ተቀብላ ቀመሰች። ወደ እኔ ዞረች።

«አሳርሬው ይሆን?»

ያኔ መናገር እችል ነበር። «ዕድሜ ነው እማ፤ እጅሽ ደክሟል» አልኳት። ዱቄቱን ከመለወጤ ይህ ይብሳል።

ሌላ ቀን ከዚያው ጣሳ ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ መረረ። ሳምንት ሳይሞላት ገሱባ ገብታ፣ አብራት የምትኖረውን የወንድማችንን ሚስት በምትኳ ላከች። እኔስ? እሷ የቆላችውን ዱቄት ቤቴ አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁት። ጣፋጭ ነበር። እስኪያልቅ ጠጣሁት።

አምስት ዓመት ሆነው። እናቴ ከዚያ ወዲህ ለሰው ብላ ድስት አልጣደችም። የወንድሜ ሚስት ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጣ ታያለች፤ ቅመሺልኝ ስትላት «የኔ ምላስ አይታመንም» ትላለች። በቅርቡ አስቴር ሁለተኛ ልጇን ወለደች። እናታችንን ለማምጣት የሄድኩት እኔ ነበርኩ። አልመጣም አለች።

«ለአራስ መራራ ነገር አላጠጣም። አንቺ ሥሪላት፤ ያንቺ እጅ ደህና ነው።»

ይህን ያለችው እጄን ይዛ ነው። ብቻዬን ወደ ሶዶ ተመለስኩ።

ቅናት አሳወረኝ ልበል? አላሳወረኝም፤ የማደርገውን ሁሉ አይ ነበር። ልጅ ነበርኩ ልበል? የልጆች እናት ነበርኩ። ይቅርታ የምጠይቀው እናንተን አይደለም። ይቅር የምትለዋ ገሱባ ተቀምጣለች፤ መኪናው በየጠዋቱ ይወጣል፤ እኔ ግን ልነግራት እስካሁን አልሄድኩም።