የማተቧ መስቀል ምን ይቀባ?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሜልበርን፣ ማሪቢርኖንግ ሰፈር ካለው የገበያ ማዕከል አጠገብ አንድ ሃርድዌር ቤት ገብቼ፣ የእንጨት ቅብ ከተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ቫርኒሹ፣ ላከሩ፣ ዘይቱ በየቆርቆሮው ተሰልፏል። የሚያብረቀርቅ አለ፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ አለ፣ ጭራሽ የማያብረቀርቅም አለ። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፤ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ፤ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ለጉንዳን የተጻፈ ይመስላል። በዚህ ዕድሜዬ ከሥራ ይልቅ የሚያደክመኝ መምረጥ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ሄልፕ ላድርግዎት?» አለችኝ የሱቁን ሰደርያ የለበሰች የእኛው አገር ልጅ።

«ለትንሽ የእንጨት መስቀል የሚሆን ቅብ ፈልጌ ነበር።»

«ሳይዙ ምን ያህል ነው?» አለች። አውራ ጣቴን አሳየኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ኢንሳይድ ነው አውትሳይድ የሚቀመጠው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አፍ ውስጥ» አልኳት።

ልጄ ማህደር የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች፤ ክርስትናው ደርሷል። «አባዬ፣ ልክ እንደኔ ዓይነት ሥራለት» ብላኝ፣ በማተቡ ላይ የምትንጠለጠለውን መስቀል ቀርጬ ጨርሼ ነበር። የቀረኝ መቀባቱ ብቻ ነበር። ይህ «ብቻ» የምለው ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በፊትም ቁም ስቅሌን አሳይቶኛል።

ያኔ እኔና ባለቤቴ አስቴር ፉትስክሬይ ውስጥ፣ ኮስታ ከሚባል ግሪካዊ ሽማግሌ ጎን፣ ነፋስ በየስንጥቁ የሚገባባት የጣውላ ቤት ተከራይተን ነበር። ሐምሌ ነው። እዚህም ሐምሌ ይበርዳል፣ እዚህም ይዘንባል፤ በዚህ በዚህ እንኳ አገር ቤት ያለሁ ይመስለኝ ነበር። እኔ ያራቪል፣ ወደቡ አጠገብ ባለ የወንበርና የጠረጴዛ ፋብሪካ፣ ቅብ ክፍል ነው የምሠራው። ገና ሳይነጋ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ላከር ላከር እየሸተትኩ እመለሳለሁ። አስቴር አራስ ነበረች። ማህደር ሌት ተቀን ታለቅሳለች፤ የታጠበው ዳይፐር ሂተሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሱፐርማርኬት ዱቄት የተሠራው ገንፎ እንደ ምርግ ይደርቃል። ሁለታችንም ቆመን የምንተኛ ሰዎች ሆነን ነበር።

ማህደር ሁለተኛ ልጃችን ናት። የመጀመሪያው፣ ወንዱ፣ ሱዳን ሳለን ሆዱን አሞት ሳይሰነብት ሞተብን። ከውሃው ይሁን ከወተቱ እስከ ዛሬ አላውቅም። አስቴር ግን «በአፉ የገባ ነገር ነው የነጠቀኝ» ትል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ሜልበርን ከገባንም በኋላ ማንኪያውን ትቀቅላለች፣ ጡጦውን ትቀቅላለች፤ አንዳንድ ቀን የእኔንም እጅ ልትቀቅለው ያማራት ይመስለኝ ነበር። አልስቅባትም። እኔም ያንን ልጅ በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት።

ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ ለማተቧ መስቀል ልሠራላት ተነሳሁ። እንጨቱን ያገኘሁት ከኮስታ ነው። ጓሮው ያለውን ዛፍ ዘወትር አየዋለሁ፤ ፍሬ ስለሚያፈራ ግን ከእኛ ወይራ ጋር ዘመድ መሆኑ አልታየኝም ነበር። እኛ ወይራን የምናውቀው በመቋሚያና በጭስ ነው እንጂ መች በልተነው። ኮስታ ባለፈው ዓመት ቆርጦ ለማገዶ ካደረቀው አንዱን በአጥሩ ላይ ሲያቀብለኝ፣ በመጋዝ ገመስኩትና ጥቁር ጅማቱን አየሁ፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ዘመድ መንገድ ላይ ያገኘሁ መሰለኝ። በመሮ ቀረጽኩት፣ በሞረድ ሞረድኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት።

ከዚያ አለቃዬን አስፈቅጄ በትንሽ ጠርሙስ ላከር ከፋብሪካው አመጣሁ። ደጋግሜ ነከርኩት። መስታወት ሆነ። ኮራ ብዬ ለአስቴር ሰጠኋት፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና መስኮቱን ከፈተች።

«ሽታው ይጠፋል እኮ፤ ሲደርቅ ምንም አያደርግም» አልኳት።

«ልጄ ይህን ተሳልማ የምትተወው መሰለህ? ትጠባዋለች!»

«እንዴት እንደሚያበራ አታይም?»

«የሚያበራው ለማን ነው? ለእንግዳ ነው? ስትሠሩበት አፋችሁን የምትሸፍኑት ለምን እንደሆነ መጀመሪያ ንገረኝ።»

አኮረፍኩ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ያንን ሁሉ ብርሃን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አወረድኩት።

ሁለተኛው መላ የሁለታችን ነበር። ኮስታ ከሎሚና ሲልቨርቢት ከሚሉት ቆስጣ ጋር የሚሰጠን የቤት የወይራ ዘይት አለን። ወይራን በገዛ ዘይቱ መቀባት! ከዚህ የበለጠ ምን ይመጣል? አስቴርም ደስ አላት፤ የሚበላ ነው፣ ደግሞም እንደ ቅባ ቅዱስ ቆጠረችው። ጠዋት እሷ በስመ አብ ብላ ትቀባዋለች፣ ከሰዓት እኔ እቀባዋለሁ። በበዛ ቁጥር በረከቱ የሚበዛ መስሎን መስቀሉን አጠመቅነው ማለት ይቻላል። እንጨቱ ጠቆረና አማረ፤ ግን አልደርቅ አለ። ቀናት አለፉ፣ ያው ነው። የማህደርን ጋቢ ሲነካ ብናኙ ሁሉ ተለጠፈበት፣ ጺም ያበቀለ መስቀል ሆነ። ውሎ አድሮም የከረመ ዘይት መሽተት ጀመረ። እንዲህ ያለው ዘይት እንጨት ላይ እንደማይደርቅ የሚነግረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅን።

አስቴር ሽታው ሲደርሳት ተቀምጣ አለቀሰች። «አንድ ንጹሕ ነገር ለልጄ ማቅረብ አቃተን። ይቅር፤ ክሩ ብቻ ይታሰርላት» አለች። ክሩ ብቻ ቢታሰር ምንም አልነበረም። እኔን ያመመኝ ከእጄ የሚወጣውን ነገር መፍራቷ ነው። አባት ሆኜ ልጄን የሚነካ ነገር መሥራት አልችልም ማለት ነው ብዬ አዘንኩ።

እሁድ ለቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ ቅዳሴ ላይ ጧፍ ይዤ ቆሜ፣ ከድካሜ የተነሳ ሳንቀላፋ ሰሙ አውራ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ቤት ገብቼ እጄን ስታጠብ ውሃው ከጣቴ ላይ ኩልል ብሎ ወረደ፤ ሰሙ ያለበት ቦታ አልረጠበም። እርጥብ እጄን እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። ጧፍ የንብ ሰም ነው። ልጅ ቢጠባው ምን ይሆናል?

መስቀሉን በፈላ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና ፋቅሁት። የጧፉን ቁራጭ አሸሁበት፤ ሂተሩ አጠገብ ሞቅ እያደረግሁ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ክንዴ እስኪዝል ወለወልኩት። አላበራም። ብዙ ዘመን እጅ የዳበሰው የበር መዝጊያ ይመስል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ምንም ሳልናገር ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ።

ከሰዓት ስመለስ አስቴር ልጅቷን አዝላ ቆማለች። «እንዴት ዋላችሁ?» አልኩ። ዝም። «አስቴር?» ዝም። «አሁንም እንደተቆጣሽ ነው?» ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ጉንጯ አብጧል። ጥርሷን አሟት ይሆን ብዬ ስጠጋ፣ ከከንፈሯ የወጣውን ክር ይዛ መስቀሉን ከአፏ ሳበችው።

«ከጠዋት ጀምሮ አፌ ውስጥ ነው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ምን ለምን ትለኛለህ? የሚያም ከሆነ እኔን ይመመኛ!» መስቀሉን በቀሚሷ ጠረግ አደረገችና በብርሃን አየችው። «ምንም አይልም። ትንሽ ማር ማር ይላል።»

ጫማዬን እንዳጠለቅሁ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ልስቅ ነበር፣ የወጣኝ ግን ልቅሶ ነው። ስለዚያ ስለ ወንዱ ልጃችን ሱዳን ያላለቀስኩትን ጭምር ያለቀስኩ ይመስለኛል።

ማህደር በዚያ መስቀል ተጠመቀች። ልጅቷን የምትከታተለው ነርስ የአንገት ክር አይታ ያንቃታል ብላ ስለደነገጠች፣ ዓይናችን ከልጅቷ በማይነቀልበት ሰዓት ብቻ እናደርግላት ነበር። ጥርስ ስታበቅል የመስቀሉን ክንፍ አኘከችው። ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ። እናቷም ምግብ እንቢ ባለች ቁጥር፣ «እኔ ላንቺ ስል ቀኑን ሙሉ እንጨት አልጎረስኩም?» እያለች ታሪኩን ትነግራት ነበር።

ወደ ቅዳሜው ልመለስና፣ የሱቋ ልጅ ለሕፃን የሚሆን ነው ያለችውን ቆርቆሮ አውጥታ አነበበችልኝ። ደግ ልጅ ናት፤ ዕቃውም ደህና ይሆናል። አመስግኜ ሳልገዛ ወጣሁ። አስቴር ባለፈው ክረምት አርፋለች፤ ይህን ለዚያች ልጅ ከየት ጀምሬ እነግራታለሁ?

ቤት ገብቼ የጧፍ ቁራጭ ፈልጌ መስቀሉን አሸሁት። ክንዴ ቶሎ ዛለ፣ እያረፍኩ ወለወልኩት። ከዚያ አንድ ነገር እንደቀረ ታወቀኝ። ያንን ሥራ የሚሠራው ሰው ግን ቤት ውስጥ የለም። መስቀሉን አጠብኩና አፌ ውስጥ አድርጌ በባዶው የአስቴር ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ስልኩ ጮኸ። ማህደር ናት።

«አባዬ? ለእሁዱ ክርስትና አዳራሽ ቡክ አድርጌያለሁ። ሄሎ? አባዬ፣ አር ዩ ኦኬ? ለምን አትመልስልኝም?»

እህህ አልኩ። ከኋላዋ ሕፃኑ ሲነጫነጭ ይሰማኛል።

«አፍህ ውስጥ ነው፣ አይደል?» አለችኝ፤ ድምጿ ተሰበረ።

«እምም» አልኳት።