ጊፋታ ሲደርስ የተዘጋው ቤት

እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ የተሰበረ ክንዷን በነጠላ አስራ ከቦምቤ ሶዶ ስትገባ እኔ አስር ዓመቴ ነበር። የሸሸነው ከአባቴ ነው። ከባል ዱላ ያመለጡ ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚጠለሉበት ቤት እንዳለ የነገረቻት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት።

በዚያ ቤት ባልም ሆነ የባል ሽማግሌ በሩን አያልፍም። ዘበኛው የቀድሞ ወታደር ነው። አባቴ ሽማግሌ በላከ ቁጥር ደጅ ካለው ዋንዛ ጥላ ሥር ያስቀምጣቸውና፣ «አባቶቼ፣ ደክሟችኋል፤ ትንሽ ዕረፉና ተመለሱ» ይላቸዋል። አጉረምርመው ይሄዳሉ። እናቴ ኮቴ ሳታዳምጥ እንቅልፍ የወሰዳት እዚያ ነው።

ከዚያ እርዳታው ይሳሳ ጀመር። የውጭው ገንዘብ ተቋረጠ ተባለ፤ መንግሥት ይረከበዋል ተባለ፤ ማንም ሳይረከበው ከረመ። መጀመሪያ ጉዳያችንን የያዘችው የቤቱ ጠበቃ ቀረች፤ ክሳችንም በዚያው ቀረ። ቀጥሎ ዘበኛው ተሰናበተ። የዚያን ቀን እናቴ ምግብ አልቀመሰችም።

መስከረም መጣ። በወላይታ ቂም ይዞ ወደ ጊፋታ፣ ወደ አዲሱ ዓመት፣ መሻገር ነውር ነው፤ የተጣላ ሁሉ ይታረቃል። ወጉን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ያን ዓመት ግን እኛን ከመጠለያው ጠርገው ማስወጫ አደረጉት። ሽማግሌዎቹን በበሩ ያስገባቸው ከመንግሥት ቢሮ የመጣ ሹም ነበር። አባቴ ኮቱን አሳጥቦ፣ አንገቱን ደፍቶ መሃላቸው ተቀምጧል።

«እህቴ፣ በጊፋታ ከቤቷ የምትጠፋ ሴት የት አለች? እርቅ አውርዱ» አላት ሹሙ።

«ቤቱ ሊዘጋ ነው?»

«በጀት የለም።»

«ታዲያ ለምን እርቅ ትሉታላችሁ?»

አንዱ ሽማግሌ፣ «ሰይጣን አሳስቶት ነው» አሉ። ሰይጣን! ሰይጣን ክንድ ሲሰብር አላየሁም፤ አባቴን ግን አይቻለሁ። የመጠለያውን ኃላፊ አየኋት፤ መሬት መሬቱን ታያለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ወደ ቦምቤ መለሱን። በበዓሉ አባቴ ጎረቤት ፊት ጮማ ቆርጦ እናቴን አጎረሳት፣ በዚያው እጁ። እልል ተባለ። እሷ አላምጣ አላምጣ መዋጥ አቃታት። የበዓሉ ሥጋ ሳያልቅ ዱላው ተመለሰ።

በማግስቱ ማለዳ ሸሽተን ሶዶ ደረስን። በሩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ስናንኳኳ ሲሚንቶ ያነጣው ሠራተኛ ከፈተ፤ ቤቱ የነጋዴ መጋዘን ሆኗል። ስለ ሴቶቹ ስንጠይቀው አያውቅም።

እናቴ አልተመለሰችም። ሽማግሌዎቹ ይቀመጡበት ወደነበረው ዋንዛ ሄዳ፣ ወንድሜን ከጀርባዋ አውርዳ ጥላው ሥር ተቀመጠች። የት እንደምንሄድ ጠየቅኳት።

«ቆይ፣ ዘበኛው ይመጣል» አለችኝ።

ከእኛ በፊት እንደተሰናበተ እሷም ታውቃለች። እስኪመሽ ጠበቅነው።