በጀላል ግድግዳ ውስጥ

ሰው ማመን አልወድም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ጎረቤቴን ጀላልን ግን ለማመን ትንሽ ነበር የቀረኝ። ወረታ ከተማ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣል። እኛ ክርስቲያኖቹ ሰው ሲሞትብን ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

ቤቱን አያቱ ናቸው በድንጋይና በጭቃ የካቡት። የግድግዳው ውፍረት ከክንድ ያልፋል። ያየው ሁሉ «ይኸ ደግሞ ምን ብርድ ይገባዋል!» ይላል። ውሸት ነው። ድንጋዩ ክረምቱን ሙሉ የፎገራን ርጥበት ሲጠጣ ከርሞ፣ ኅዳር ሲገባ ብርዱን ወደ ውስጥ ይተፋዋል። ሚስቱ ሰኪና ሁለት ጨቅላዎች በሳል የሞቱባት እዚያ ቤት ነው። ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሲገባ ሦስተኛውን አርግዛ ቀኗ ተቃርቦ ነበር።

የዚያን ዓመት ጥቅምት ጀላል ሱቁን በጊዜ እየዘጋ፣ የቤቱን በር እየቀረቀረ፣ ጆንያ ማስገባት ጀመረ። ጆንያው ይገባል እንጂ አይወጣም። ከውስጥ መዶሻ ይሰማል። ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው፣ «ኧረ ምንም፣ ቤት ሳበጃጅ ነው» ብሎ ዓይኑን ሰበረ። ሆድ ከአገር ይሰፋል አልኩ። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ሳይ፣ ክፍሉ ጠብቧል! ግድግዳው ወደ ውስጥ ወፍሯል። ስኳር ከገበያ የጠፋበት፣ አሻጥረኛ ነጋዴ የሚታደንበት ወር ነበር። ሄጄ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ለአንለይ ነገርኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ።

ሰኪና በወለደች በአምስተኛው ቀን አብዮት ጠባቂዎች ዶማ ይዘው መጡ።

«ወላሂ የሩዝ ገለፈት ነው!» አለ ጀላል። «ከገበሬ ማኅበሩ አውድማ የሚጣለውን ነው ያመጣሁ። ብርዱን ያስቀርልኛል ብየ፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ነው በር የዘጋሁ።»

«የድንጋይ ቤት ይበርዳል ልትለኝ ነው?» አለ አንለይ።

ግድግዳውን በዶማ መቱት። ጀላል ከውስጥ ከመታው ማገር ጀርባ ገለፈቱ ተዘረገፈ። ስኳር የለም። አንለይ አሁንም አላመነም፤ አራቱንም ማዕዘን እስከ ድንጋዩ አስፈረሰው። እጄን ገለፈቱ ውስጥ ብሰደው ለብ ያለ ነው። አፈርኩ፤ ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

እነሱ ሲሄዱ ሰኪና ጨቅላዋን በጋቢ ጠቅልላ ደጄ መጣች።

«እታለም እማዋይሽ፣ ግድግዳው እስቲጠገን አንች ቤት እንደር። ሰፈሩ ጠቋሚ አለበት፤ ካንች በቀር የማምነው የለኝም።»

ዓይኗን መረመርኩት። ታውቅ ይሆን? እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ልጁን ተቀበልኳት። እግሩ ቀዝቅዞ ነበር።